የኦዛይ ባሕር ላም

ለክቡር አቶ ሰይፈ ለገሠ
በቤይሩት፣ በኦዛይና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃና የመዝናኛ ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ አቶ ሰይፈ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የእግርዎን ጤና። ጉልበትዎ፣ ቁርጭምጭሚትዎ፣ ተረከዝዎና ጣቶችዎ ሁሉ እንደተፈጠሩ እንዲቆዩልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ከሌላው አካልዎ ይልቅ ስለ እግርዎ ለምን እንደምጨነቅ፣ ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ትዕግሥቱ ካለዎት ይረዱታል። እኔ ለዕድሜዬ ደኅና ነኝ። ዓይኔ ያነባል፣ እጄም ይጽፋል፤ እነዚህ ሁለቱ እስካልከዱኝ ድረስ ማኅበርዎ ከእኔ ዕረፍት እንደማያገኝ በትሕትና አስታውቃለሁ።

ደብዳቤውን በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ስብሰባ "ሰሌዳው ላይ ስሕተት አለ" ብዬ በቃል ያቀረብኩትን አቤቱታ፣ ዓረፍተ ነገሬን እንኳ ሳልጨርስ "ኸላስ፣ እትዬ ቆንጂት፣ ያኒ አረብኛውን ለእኛ ተዉልን" ብለው ስለዘጉት፣ በወይዘሮ ሃጂራ ጸጉር ቤት መስታወት ላይ እንዲለጠፍ ወስኛለሁ። እዚያ ጸጉራቸው እስኪደርቅ የሚጠብቁ ሴቶች የሚያነቡት ነገር ያጣሉ፤ "ኸላስ" ብሎ የሚያቋርጠኝም የለም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ከጋራዦቹና ከአናጢ ቤቶቹ ጀርባ፣ አውሮፕላኖች ጎማቸውን ዘርግተው በራሳችን ላይ በሚያልፉበት በኩል፣ በየሰው ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን እሑድ እሑድ የሚዝናኑበት ትንሽ አሸዋማ ዳርቻ አለ። የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች እዚያ ቦታ የእንጨት ሰሌዳ ተክለው ነበር። በላዩ "ተጠንቀቁ፣ ባአር" የሚል የአረብኛ ጽሕፈት፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ሰፌድ የተዘረጋና ረጅም ጅራት ያለው የጠፍጣፋ ዓሣ ሥዕል ነበረበት። ማኅበርዎ ማስጠንቀቂያው በአማርኛም እንዲጻፍ ወሰነ። የሚመሰገን ውሳኔ ነበር፤ ተነሥቼ ያጨበጨብኩትም እኔ ነበርኩ።

"ባአር" በከተማው አረብኛ ላም ማለት ነው። ሥጋ ቤት የተላከች ማንኛዋም ልጅ "ላሕም ባአር"፣ የላም ሥጋ፣ ማለትን ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ትማራለች። በእነዚያ ዓሣ አጥማጆች አፍ ግን ባአር ሌላ ነው፤ አሸዋ ለብሶ የሚተኛው፣ ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው ያ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ላም ያሉት ምናልባት ስለ ስፋቱ፣ ምናልባትም ስለ ዓይኖቹ ይሆናል። እርስዎ ሰሌዳውን ሄደው አላዩትም። ሱቅዎ ውስጥ ተቀምጠው ቃሉን በስልክ አስነበቡና እዚያው በስልክ ተረጎሙት። በዚህም መሠረት በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ፣ በቀይ ቀለምና ከሩቅ በሚነበቡ ፊደላት፣ "ተጠንቀቁ ላም አለ" ተብሎ ተጻፈ።

ቅሬታዎቼን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሥዕሉ። ቀለም ቀቢው ለአማርኛው ቦታ ስላጣ፣ ከእርስዎ በተሰጠው ፈቃድ ሥዕሉን በነጭ ቀለም አጥፍቶ በላዩ ጻፈበት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሊረዳው ይችል የነበረው ብቸኛው ማስጠንቀቂያ በዚህ ዓይነት ጠፋ። አንድ ዓሣ አስወግደው አንድ ላም ስለተኩልን እናመሰግናለን። የሰዋስው አስተማሪያችን ወይዘሮ እስከዳር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ላም አለ" ብላ የጻፈች ተማሪን ምን ያደርጉ እንደነበር ጣቶቼ ዛሬም ያስታውሳሉ። እሱን ግን ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ስለሆነ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

፪ኛ. ስለ እሙሽ። እሙሽን ያውቋታል። ባዕብዳ ከነበረው የአሠሪዋ ቤት ከወጣች ወዲህ ያለ ወረቀት ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ የምትኖር፣ ባዳሮ ያሉ ቤቶችን በሰዓት እየዞረች የምታጸዳ፣ በማኅበርዎ በዓላት ላይ ደግሞ የሰዉን ሁሉ ሳሕን አጥባ ከሁሉ ኋላ የምትሄድ ልጅ ናት። በዚያ እሑድ ልጆቹ ሰሌዳውን ሲያነቡ የሳቁትን ሳቅ ጃንጥላዬ ሥር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አንዷ፣ መዲና፣ "ላም? ያኒ ከላም አገር መጥተን እዚህ ላም ልንፈራ?" አለች። ሌላዋ "ማዳሜን ያልፈራሁ ላም ልፈራ ነው?" አለች። እሙሽ ደግሞ "ካለች እናልባታ፣ ያላ!" ብላ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጉልበቷን ከፍ ከፍ እያደረገች ሮጣ ገባች።

ውኃው ጉልበቷ እንኳ አልደረሰም ነበር። አሸዋው ከእግሯ ሥር ተነሣ። ያየሁትን ከዚህ በተሻለ ልገልጸው አልችልም፤ የባሕሩ ወለል ራሱ ተገሽልጦ፣ ክንፍ አውጥቶ የሄደ ይመስል ነበር። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ከተማ ብዙ ዘመን ኖሬ ብዙ ዓይነት ጩኸት ሰምቻለሁ፤ ያኛው ግን ከሰው ጉሮሮ የወጣ አይመስልም ነበር። ተሸክመው ሲያወጧት ከእግሯ የሚወርደው ደም በእርጥቡ አሸዋ ላይ ከእኛ ጋር እስከ ጃንጥላዬ መጣ።

፫ኛ. ስለ መጀመሪያ ርዳታ ኃላፊዎ ስለ አቶ ስምዖን። ትጋታቸውን ማንም ሊክድ አይችልም። ከለስላሳ መጠጡ ሣጥን በረዶ አምጥተው ቁስሉ ላይ ከመሩ። በረዶው ሥቃዩን ሲያባብሰው ባቷን በሻሽ ጠፍረው አሰሩ። እግሯ መጥቆር ሲጀምር ደግሞ "ላሟ በየት በኩል አለፈች?" ብለው ዱላ አነሡና ወደ አውራ ጎዳናው ሮጡ። መርዙ በሙቀት እንደሚሸነፍ፣ ቁስለኛው እግር ወዲያው መነከር የነበረበት ሙቅ ውኃ ውስጥ እንደሆነ ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሥልጠናቸው ስለ ላም ብቻ ስለነበር አልፈርድባቸውም። ሰውየው ሰሌዳውን አምነዋል፤ ሰሌዳውን ማመን ደግሞ የጥሩ አባል ምልክት ነው።

፬ኛ. ስለ ክሊኒኩ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለው ያንብቡት። ወረቀት የማይጠይቅ ትንሽ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ "ምን መታሽ?" ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ ሰሌዳው ያስተማራቸውን ቃል ወደ አረብኛ መልሰው በአንድ ድምፅ "ባአራ!"፣ አንዲት ላም፣ አሉት። እሙሽም እያቃሰተች "ባአራ፣ ባአራ" አለች። ሐኪሙ የከተማ ልጅ ነው፤ ከዓሣ አጥማጅ ጋር ጀልባ ላይ ያደገ አይደለም። ስለዚህ የላም ርግጫ ፈለገ። አጥንቷን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ አለመሰበሩን አረጋገጠ፣ ላዩን አጥቦ አሸገና የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። በሰላም እንድንገባም ተመኘልን።

እሾሁ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እግሯ በየቀኑ አበጠ፤ ቆዳው እንደ ደበርጃን ጠቆረና አብለጨለጨ፤ በኋላ ክፍላችን ውስጥ እኔም እሷም ስሙን መጥራት የማንፈልገው ሽታ መጣ። ትኩሳቱ ሲይዛት "ላሟን አባርሯት" ትላለች። አንዲት ሌላ ሐኪም ቁስሉን ከፍታ ያወጣችው ቁራጭ በሁለት በኩል እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ፣ ጥርሶቹም ወደ ኋላ የዞሩ ነበር። ሲገባ ይገባል፣ ሲወጣ ግን ሥጋ ይዞ ይወጣል። ሐኪሟ "ስለ እግሩ አሁን ምንም አልልሽም፤ ብቻ እንዳትቆም" አለችኝ። አቶ ሰይፈ፣ እሙሽ የምትኖረው ቆማ ነው። የምታውቀው ሥራ ሁሉ የመቆም ሥራ ነው።

፭ኛ. ስለ አጣሪ ቡድኑ። ማኅበርዎ ነገሩን በቸልታ አላለፈውም። የላሟን ባለቤት ፈልጎ ካሣ የሚጠይቅ ቡድን አቋቁሞ በየሠፈሩ አሠማርቷል። በእኔ ዕውቀት ኦዛይ ውስጥ ላም ያለው በሥጋ ቤት መንጠቆ ላይ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ማንንም ለመርገጥ በሚችልበት ሁኔታ ላይ አይደለም። ሥጋ ሻጩ ግን ሁለት ሰዎች መጥተው "የእርስዎ ላም ባሕር ትገባለች ወይ?" ብለው ከጠየቁት ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ሲያይ ቢላውን አስቀምጦ በጥንቃቄ እንደሚመለከተን ለመረጃ ያህል ልጥቀስ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን እኔ በየማለዳው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ወደዚያ ዳርቻ እወርዳለሁ። ባሕሩ ከሰሞኑ ጸጥ ብሏል፤ ዳር ዳሩ ለሕፃን መታጠቢያ የተዘጋጀ ውኃ ያህል ሞቋል። ጥልቀቱ ጥቂት በሆነበት፣ ልጆቻችን ልብሳቸውን ሰብስበው በሚገቡበት ቦታ፣ አሸዋው ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች አሉ። እነዚያ ዓሦች ተኝተው የተነሡበት ቦታ ነው። በበጋው መጀመሪያ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ይታይ ነበር። አሁን በጉድጓዶቹ መካከል እግር የሚያሳርፍ ቦታ እየጠበበ ነው። ከትናንት በስቲያ አንደኛው ጉድጓድ ባዶ አልነበረም። ትንሽ ጎንበስ ብዬ ስመለከት ከአሸዋው ውስጥ ሁለት ዓይኖች አዩኝ። እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ይህ ፍጥረት ክፉ አይደለም። ሰው አያሳድድም፣ ሥጋችንንም አይሻም። ተኝቶ ሳለ ሲረገጥ ይመልሳል፣ ያ ብቻ ነው። የሚያስፈራኝም ይህ ነው። ክፉ አውሬ ያገሣል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ ሰውም ይሸሻል። ይህኛው ግን ዝም ብሎ ይተኛል፤ እየጠበቀን መሆኑን እንኳ አያውቅም። እኛ ደግሞ በመጪው እሑድ እየጠበቀን መሆኑን ወደማያውቀው ፍጥረት፣ ከየሠፈሩ በተከራየናቸው መኪኖች ተጭነን፣ እየዘፈንን እንሄዳለን። የዓመቱ ትልቁ የማኅበር ሽርሽር በዚያው ዳርቻ፣ በዚያው ሰሌዳ ሥር ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ብቻ የሚወጡ ልጆች ይመጣሉ። ዋና የሚችል በመካከላቸው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሁሉም የሚንቦጫረቁት እዚያው ዳር ላይ፣ ጉድጓዶቹ ባሉበት ነው። የሚመታው ተረከዝ ብቻ እንደሚሆን ማን ዋስትና ሰጠን? በዚያ ውኃ ውስጥ የወደቀች ልጅ የምትወድቀው በደረቷ ነው።

አሁን ስለ አረማመድ ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ፤ በዚህ ጉዳይ እኔም ለረጅም ጊዜ ተሳስቼ ኖሬያለሁና። ወይዘሮ እስከዳር ከሰዋስው ሌላ አረማመድም ያስተምሩን ነበር። "እግር ይነሣል እንጂ አይጎተትም" ይሉና በማስመሪያው ቁርጭምጭሚታችንን ያገኙታል። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ማዳሞቼ ያንኑ ትምህርት በአረብኛ ቀጠሉልኝ፤ "ማ ትጀርጅሪ!"፣ አትጎትቺ፣ የማትል ማዳም አላጋጠመችኝም። ሸበጣችንን ሸሓጣ ብለው የጠሩት እነሱ ናቸው፤ ትርጉሙም የሚጎተት ማለት ነው። የሚጎተት ነገር አጫምተውን ለምን ትጎትቻለሽ እያሉ ይቆጡናል። ይህን የምታነብ ሴት ሁሉ፣ ድካም እግሯን ባስጎተታት ቁጥር ተሰድባለች።

እንግዲህ በዚያ ውኃ ውስጥ የሚያድነው መጎተት ብቻ ነው። እግርን ከአሸዋው ሳያነሡ፣ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ፣ ሻሽ ሻሽ እያደረጉ መግባት ነው። ዓሣው የአሸዋውን መነቃነቅ ሲሰማ ቀድሞ ይሄዳል፤ ጀርባው ላይ አይረገጥም። የሚወጋው ጉልበቷን እያነሣች የምትረግጠውን፣ በደንብ የተቀጣችውን ነው። እሙሽ ባዕብዳ ሳለች ሸሓጣ ጎትታ አታውቅም። ማዳሟ በእንግዳ ፊት "የእኔዋ ስትራመድ አትሰማም" እያለች ትኮራባት ነበር። እውነት ነው፤ ባሕሩም አልሰማትም።

ስለዚህ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ላላችሁ ልጆቼ፦ እሑድ ከገባችሁ ጎትቱ። ጉድ እስኪባል ጎትቱ። የተወጋች ካለች እግሯን መቻል እስከምትችለው ድረስ በሞቀ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ሥቃዩ እስኪቀንስም አታውጡት። እሷ በሥቃይ ላይ ስለሆነች ሙቀቱን አትለይም፤ እንዳትቃጠል መጀመሪያ ሌላ ሰው በእጁ ይሞክረው። ሆዷን ወይም ደረቷን ከሆነ እሾሁን እንዳትነቅሉት፤ ሩጡ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ "ባአራ" የሚለው ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ። "ሰመኬ" በሉ፣ ዓሣ ማለት ነው፤ "ሾኬ" በሉ፣ እሾህ ማለት ነው። አረብኛችሁ ከዚህ በላይ ባይሆንም እነዚህ ሁለቱ እግር ያተርፋሉ።

ከእርስዎ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእሑድ በፊት ሰሌዳው ይታረም። ለዚያ ፍጥረት በአማርኛ ትክክለኛውን ስም እንደማላውቅለት እመሰክራለሁ፤ ደገኞች ነን፣ ባሕር ያለውን ሁሉ ለመሰየም አልታደልንም። ስም ማጣት ግን አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው የሌላውን ስም መስጠት ነው። "አሸዋው ውስጥ የሚወጋ መርዛም ዓሣ አለ፤ እግራችሁን እየጎተታችሁ ግቡ" ተብሎ ቢጻፍ ማንም ይረዳዋል። ቦታ ካነሰ የእርስዎ የክብር ስም ከሥር የተጻፈበት መሥመር ሰፊ ነው። ሥዕሉን ግን መልሱልን። ብሩሽ የሚይዝ ካጣችሁ እኔ አለሁ፤ ሰፌድ ከነጅራቱ መሣል አያቅተኝም።

ለትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ለአረብኛ ዕውቀትዎ አመሰግናለሁ። ከሱቅዎ ወንበር ሳይነሡ ባሕሩን ስለጠበቁልን፣ ልጆቻችንንም ከላም ስላዳኑልን፣ በእሙሽና በራሴ ስም ምስጋናዬ ይድረስዎ። እሙሽ ራሷ መጥታ እጅ ብትነሣ ደስ ባላት፤ ግን እንዳትቆም ታዝዛለች።

ሁልጊዜም በአክብሮት የምጽፍልዎ፣ መልስዎንም እዚያው ጸጉር ቤት መስታወት ላይ የምጠባበቅ፣ ለማኅበሩ ታማኝ ለሰዋስው ደግሞ ይበልጥ ታማኝ የሆንኩ፣

ቆንጂት አስናቀ
ኦዛይ፣ ቤይሩት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ወይዘሮ ሃጂራ ስሄድ በዳርቻው በኩል አለፍኩ። ስብሰባው ላይ "ስሕተት አለ" ማለቴን ለካ ሰምተውኛል። ሰሌዳው ታርሟል፤ ቀለሙም ገና አልደረቀም። አሁን "ተጠንቀቁ ላም አለች" ይላል። ወይዘሮ እስከዳር ቢኖሩ ሙሉ ማርክ ይሰጡዎት ነበር። በመጥሪያ ወረቀቱ ላይ ደግሞ "ሊቀመንበሩ ራሳቸው ከሁሉ ቀድመው ወደ ባሕሩ በመግባት ሽርሽሩን ይከፍታሉ" የሚል አነበብኩ፤ አንድ ሊቀመንበር በሕዝብ ፊት እግሩን እየጎተተ እንደማይሄድም አውቃለሁ። ስለዚህ እሑድ ከውኃው ዳር በቡታጋዝ ላይ ሁለት ማንቆርቆሪያ ጥጄ እጠብቃለሁ። አንዱ ለልጆቹ ነው። ሌላው፣ የተከበሩ አቶ ሰይፈ፣ የእርስዎ ነው፤ ቀድሞ ይፈላል።